ከጎንደር ደባርቅ በእግር፣ መልሱ በሚኒባስ፦ የተቆራረጠ ጉዞን አንድ ፊልም የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ከጎንደር ደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። በእግር ልሂደው ያለ ሰው ሳምንት ያስፈልገዋል። ብዙዎቻችን ደግሞ ሳምንት ሙሉ ከሥራ መቅረት አንችልም። እኔም አልቻልኩም። ስለዚህ በቅዳሜ በቅዳሜው ሄድኩት። ጠዋት በሚኒባስ ባለፈው ወዳቆምኩበት እወጣለሁ፤ እስከሚቀጥለው ከተማ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በሚኒባስ ጎንደር ቤቴ እገባለሁ። በሰባት ዙር ደባርቅ ደረስኩ። ሁሉንም በስልኬ ቀረጽኩት።

የሚከብደው እግሩ አይደለም። የሚከብደው መገጣጠሚያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያቆማችሁበትና ዛሬ የጀመራችሁበት ቦታ አንድ መሆኑ በፊልሙ ላይ ካልታየ፣ ተመልካች "ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ሄዶታል ወይስ የሚያምረውን ቦታ እየመረጠ ነው?" ማለቱ አይቀርም። አንዴ ከጠረጠረ ደግሞ አለቀ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለዚያ መገጣጠሚያ ነው።

መንገዱን የሚቆርጠው ሚኒባሱ ነው

የትኛውም መንገድ ይሆናል። ከጎንደር ወደ ደቡብ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር የሚያደርሰው አጭር ነው፤ ሜዳም ነው። ለጀማሪ እሱ ይሻላል። እኔ የሰሜኑን የመረጥኩት የድሮ ነጋዴ መንገድ ስለሆነ ነው። ከምጽዋ የሚነሳው ቅፍለት የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ ደባርቅንና የወገራን ደጋ አልፎ ነበር ጎንደር የሚገባው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. በዚሁ በኩል ነው የመጣው። ይህን እያወቁ መሄድ ለእግርም ለዓይንም ሌላ ነገር ይሰጣል።

ከጎንደር ስትወጡ ወለቃ፣ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ ነው። ኮሶዬ ወደ 30 ኪሎ ሜትር፣ ዳባት ወደ 75 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ወረቀት ላይ 100ን ለአምስት ማካፈል ቀላል ነው። መሬት ላይ ግን አንድ ዙር የሚያልቀው መኪና የሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። መሀል መንገድ ላይ ቆማችሁ እጅ ብታነሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚያልፋችሁ። ከተማ ላይ ግን ወራጅ አለ፤ ወራጅ ካለ ቦታ አለ። ስለዚህ ማብቂያችሁን ሁልጊዜ ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ አድርጉ።

በአንድ ዙር ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙ አትለፉ። ካሜራ ሳይዙ 25 የሚሄድ ሰው እንኳ በካሜራ 15 ይበቃዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ 50 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ስልኩን ለማንሳት 50 ሜትር ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ ያንኑ 50 ሜትር ደግማችሁ ትሄዳላችሁ። ራሳችሁን የምትቀርጹበት እያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ይረገጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ገደማ። ማለትም ጉዞው በጠቅላላው ሽቅብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እግራችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ሳይታለፍ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። በዚያ መስመር ጠዋትና ማታ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፣ ወሬውን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። "ነገ እንኳ ይቅርብህ" ካሏችሁ ይቅር። መታወቂያ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን። ኬላ ላይ ስልኩ ኪስ ይገባል፤ የጸጥታ ሰው፣ ካምፕ፣ ፍተሻ አይቀረጽም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ፊልም የሚቀረጸው በሰላም ተመልሶ ለመጨረስ ነው።

ወርና ቀን

የኔ የመጀመሪያው ዙር መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ጥር ላይ። በመጀመሪያው ቀረጻ አደይ አበባ አለ፣ በመሀሉ ቢጫ የገብስ ማሳና አጨዳ አለ፣ በመጨረሻው ገለባና አቧራ። መጀመሪያ ይህ አሳሰበኝ። ቀለሙ አይገጥምም ብዬ። በኋላ ግን ይህ የተቆራረጠ ጉዞ ያለው ትልቁ ሀብት ሆኖ አገኘሁት። በአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው አንድ ወር ብቻ ነው የሚያየው። እናንተ አበባውንም አጨዳውንም ታያላችሁ። ስለዚህ አትደብቁት። የእያንዳንዱን ዙር መጀመሪያ ላይ ወሩን ጻፉበት።

የካቲት ካለፈ በኋላ ሰማዩ ስለሚደበዝዝ ሩቅ ተራራ አይወጣላችሁም። የኮሶዬን ገደል በዚያ ወቅት ብትቀርጹት ነጭ ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ክረምት ደግሞ ዝናቡና ጭጋጉ አለ።

ማሳ ላይ የሚሠራ ሰው መቅረጽ ከፈለጋችሁ እሑድ አትውጡ። በዓላትንም ከቀን መቁጠሪያ እዩ። ሚካኤል ወይም ማርያም የዋለ ቀን ማሳው ባዶ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። በተቃራኒው ነጠላ የለበሰ ሰው በመንገዱ ሁሉ ሲጎርፍ መቅረጽ ከሆነ ሐሳባችሁ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። በጥምቀት ሰሞን ግን ከጎንደር ለመውጣትም ለመግባትም መኪና ማግኘት መከራ ነው። ያንን ሳምንት ዝለሉት፣ ወይም እዚያው ፋሲል መዋኛ ዋሉ።

ዕቃ

ትንሽ ያዙ። አንድ ስልክ፣ ትንሽ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ፣ የሚሰካ ትንሽ ማይክ፣ ውሃ፣ ቆሎ፣ ዱላ። ዱላው ለውሻ ነው፤ መምታት አያስፈልግም፣ መያዙ ይበቃል። ቀረጻው በ1080ፒ የምስል ጥራት ይሁን። እንደ ስልኩ ዓይነት አንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። በ4ኬ ከሄዳችሁ ከዚያ ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩ "ሞልቷል" ብሎ ቁጭ ይላል። ስትሄዱ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል። ካርታውን ማታ ዋይፋይ ባለበት አውርዱ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ልብስ። በሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ሸሚዝና አንድ ዓይነት ኮፍያ ልበሱ። በሦስተኛው ዙር ቀይ ሹራብ ለብሼ ወጣሁና ኤዲት ላይ ሌላ ሰው መሰልኩ። ወገራ ጠዋት ይበርዳል፤ ሹራቡን ከሸሚዙ ሥር ልበሱት።

መናኸሪያ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ድረሱ። ሚኒባስ የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ወንበር ትመርጣላችሁ፤ ይህ ለቀረጻው ወሳኝ ነው፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። የምትወርዱበትን ቦታ ለረዳቱ ሳትሳፈሩ ንገሩት። "አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወራጅ ነኝ" በሉት። መሀል ላይ ለሚወርድም ሙሉ ሂሳብ ሊጠይቅ ይችላልና ቀድሞ መነጋገሩ ይሻላል። ዝርዝር ብር ያዙ።

ሚኒባሱን ቅረጹ። ብዙ ሰው መኪናውን እንደ ማፈሪያ ይደብቀዋል፣ በእግር ሄድኩ ብሎ መኪና ውስጥ መታየት ነውር ይመስለዋል። ተሳስቷል። ረዳቱ "ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው!" ሲል፣ የጣሪያው ጭነት ሲታሰር፣ ጋቢና ላይ ሦስተኛ ሰው ሲደረብ፣ ይህ ሁሉ የጉዞው አካል ነው። ሚኒባሱን ያየ ተመልካች እግራችሁንም ያምናል። ሾፌሩንና አጠገባችሁ ያሉትን ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ካሜራው ሁልጊዜ ወደ ምዕራብ ይይ

ይህችን ዘዴ ያገኘኋት ዘግይቼ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ደግሜ ቀርጫለሁ በእሷ ምክንያት።

ከጎንደር ደባርቅ በጠቅላላው ወደ ሰሜን ነው። ወደ ደባርቅ ስትሄዱ በቀኛችሁ ካለው የመንገድ ጠርዝ ሆኖ የሚቀርጽ ካሜራ ወደ ምዕራብ ያያል። በዚያ ካሜራ ውስጥ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ማዶ ተሻግራችሁ ብትቀርጹ ከቀኝ ወደ ግራ ትሆናላችሁ፤ ተመልካች "ተመለሰ እንዴ?" ይላል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ቢሆንም ካሜራው ከቀኝ ጠርዝ ካልወጣ አቅጣጫው አይበላሽም።

አሁን ሚኒባሱ። ጠዋት ስትሄዱ በግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ። ስትመለሱ በቀኝ በኩል ባለው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ያያሉ። በመሄጃው መስኮት ካሜራው ወደ ቀኝ ይጓዛል፣ ልክ እንደ እግራችሁ። በመመለሻው ወደ ግራ ይጓዛል። አንድም ቃል ሳትናገሩ ሰው የትኛው መሄጃ፣ የትኛው መመለሻ እንደሆነ ይገባዋል። የምታዩት አገርም ያው የምዕራቡ ወገን ነው፤ በእግር ያለፋችሁበት ዛፍ፣ በእግር ያለፋችሁበት ቤት በመስኮት ተመልሶ ያልፋል።

ብርሃኑም ይረዳችኋል። ጠዋት ፀሐይ ከካሜራው ጀርባ ናት። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ አብዛኛውን ሥራ በዚያን ጊዜ ጨርሱ። ቀትር ላይ ነጭ ጋቢም ነጠላም ከብርሃን ብዛት ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ላይ ነጩን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት።

መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር እግረኛ በግራ ነው መሄድ ያለበት፣ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየ። ካሜራው በቀኝ፣ እናንተ በግራ ስትሆኑ መኪኖች በመሀል ያልፋሉ። ይሁን፣ ያምራል። ማቆሚያውን ግን አስፋልት ላይ አታቁሙ።

መገጣጠሚያው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ከተማ ሳልደርስ አንድ የጭነት መኪና ቆመልኝና ተሳፈርኩ። ከመሳፈሬ በፊት በችኮላ አንድ ባሕር ዛፍ ቀረጽኩ። ረጅም፣ ግንዱ ላይ ሹካ የሠራ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ። ሌላ አያምታታኝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተመለስኩ። ዛፉ የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ስል አንድ እረኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝና ነገርኩት። በዱላው ወደ መንገዱ ዳር ጠቆመኝ። ጉቶው አለ። ዙሪያው ገና ትኩስ ፍልጥ፣ ሽታው አፍንጫ ይሞላል። ዛፉ ረቡዕ ዕለት ተቆርጦ ተሽጧል።

ጉቶውን ቀረጽኩት፤ እግሬን አጠገቡ አድርጌ ከዚያ ተነሳሁ። ዛሬ ከፊልሙ ሰው አብዝቶ የሚያነሳልኝ እሱን ነው። ቢሆንም ዕድል ነው፣ እረኛው ባይኖር ኖሮ ያ መገጣጠሚያ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚቆረጥ፣ የሚሸጥ ወይም የሚነቀል ነገር ምልክት አላደርግም።

ምልክት የሚሆነው የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ በመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ አፍ፣ የተገነባ የድንጋይ አጥር፣ ወይም ትልቅ ቋጥኝ ነው። በግራ በኩል ያለውን፣ ማለትም የምዕራቡን ምረጡ። ካሜራው የሚያየው እሱን ነው፣ በመመለሻው መስኮት የሚያልፈውም እሱ ነው። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ቅረጹ።

ዙሩ ሲያልቅ፦ ከሩቅ ሆኖ ምልክቱና ከኋላው ያለው ተራራ አንድ ላይ፣ አሥር ሰከንድ። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ ምልክቱን ብቻ። ከዚያ እግራችሁ ሲቆም። ካርታው ላይ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንሱ። መጨረሻ ላይ ስትሳፈሩ።

በሚቀጥለው ዙር፦ ከሚኒባሱ ስትወርዱ። መኪናው ሲሄድ፣ ድምፁ እስኪጠፋ። ያንኑ ከሩቅ የቀረጻችሁትን ቦታ፣ ያንኑ ማዕዘን። የባለፈውን ሳምንት ፎቶ ከፍታችሁ እያያችሁ ስልኩን አስተካክሉ፤ የተራራው ጫፍ የስክሪኑ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይምጣ። ከዚያ እግራችሁ ሲነሳ። ካቆማችሁበት በተቃራኒው እግር ጀምሩ፤ በቀኝ ቆማችሁ ከሆነ በግራ ተነሱ።

ኤዲት ላይ የሚቆመውን እግርና የሚነሳውን እግር ስታገናኟቸው፣ በመሀሉ ሁለት ሳምንት አልፎ እንኳ አንድ እርምጃ ይመስላል። ማሳው ግን ከአረንጓዴ ቢጫ ይሆናል። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ሳየው ብቻዬን ጮህኩ።

ሰው

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ወሬ፣ ስልኩ ከዚያ በኋላ። ስልክ ቀድሞ የወጣ እንደሆነ ሰው ይለወጣል። "እንደምን አደሩ? በርቱ" ብላችሁ ቁሙ። ወዴት እንደምትሄዱ ይጠይቋችኋል፣ ንገሯቸው። ያኔ "እንዲህ እየሄድኩ እየቀረጽኩ ነው፣ እርስዎንም ብቀርጽ ቅር ይልዎታል?" በሉ። አይሆንም ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ልጆች ይከተሏችኋል፤ ፊታቸውን ቀርባችሁ የምትቀርጹት ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ወለቃ ላይ መንገድ ዳር የሸክላ ሥራ አለ፤ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት የነበረ መንደር ነው። የሰውን ዕቃ ግማሽ ሰዓት ቀርጾ ባዶ እጅ መሄድ አያምርም፣ ትንሽ ነገር ግዙ።

የኔን ምርጥ ቃለ ምልልስ ያገኘሁት መኪና ውስጥ ነው። ከዳባት ስመለስ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ዶሮ።

"ልጄ፣ መኪና እያለ ምን ጎድሎብህ በእግርህ የምትሄድ?" አሉኝ።

"መንገዱን ልየው ብዬ ነው፣ እማማ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እኛ ለጥምቀት በእግራችን ነበር የምንመጣ። ስንቃችንን አዝለን፣ ሁለት ሌሊት እያደርን። ኮሶዬ ስንደርስ ጎንደር የገባን ያህል እልል እንል ነበር።"

እንድቀርጻቸው ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና ደገሙልኝ። ዶሮዋ በመሀል ትጮሃለች። አላወጣኋትም።

ድምፅ

ምስሉ መካከለኛ ቢሆን ሰው ይታገሳል። ድምፁ ከተበላሸ ወዲያው ይዘጋዋል። ከኮሶዬ ጀምሮ ነፋስ አለ፤ ማይኩን ስፖንጅ አልብሱት፣ ስፖንጅ ከሌለ ከሸሚዛችሁ ሥር አስገቡት። በእያንዳንዱ ቦታ ምንም ሳትናገሩ ሠላሳ ሰከንድ ድምፅ ብቻ ያዙ፦ ነፋሱን፣ ጅራፉን፣ የሩቅ ውሻውን፣ ከገደሉ ሥር የሚመጣውን የእረኛ ጩኸት። ኤዲት ላይ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው እሱ ነው። የሁለተኛውን ዙር ድምፅ ከምስሉ ሁለት ሰከንድ ቀደም አድርጋችሁ አስገቡት፣ መቆረጡ አይሰማም።

ትረካውን ቤት ውስጥ ቅዱ። ማታ፣ በር ተዘግቶ፣ ጋቢ ተከናንባችሁ። ጋቢው ማስተጋባቱን ይውጠዋል። እያንዳንዱን ዙር በተመለሳችሁበት ማታ ተርኩት። ከወር በኋላ የምትተርኩት ደረቅ ይሆናል።

ኤዲት

በተመለሳችሁበት ማታ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ገልብጡ፣ "ዙር 1፣ ዙር 2" እያላችሁ። ሁለት ቦታ ካልተቀመጠ ስልኩ ላይ ያለውን አታጥፉ። በስልክ ካፕከት የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይበቃል፤ ኮምፒውተር ላላችሁ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለ ክፍያ ይገኛል።

መጀመሪያ ስድስቱን መገጣጠሚያዎች ብቻ ደርድሩ። ሌላ ምንም ሳትጨምሩ። ያ ብቻውን እንደ አንድ ጉዞ ከታየ አጥንቱ ቆሟል፣ ሥጋውን ታለብሱታላችሁ። ከዚያ ለዙሮቹ እኩል ደቂቃ አትስጡ። የኔ አራተኛ ዙር ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ የኮሶዬው ብቻ ሰባት ደቂቃ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ካርታ አሳዩ፣ ቀዩ መስመር ምን ያህል እንደሄደ። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ዳታ ይበላልና ሌሊት በሌሊት ጥቅል ጫኑት። ለወዳጅ በቴሌግራም ስትልኩ "እንደ ፋይል" ብላችሁ ላኩ፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

የመጨረሻው መመለሻ

ደባርቅ ስትደርሱ ቀረጻው ያለቀ ይመስላችኋል። ባትሪ አስተርፉ። ወደ ጎንደር ስትመለሱ ቀድማችሁ የቀኙን መስኮት ያዙ። በዚያ መመለሻ ስድስቱም ምልክቶች በተራቸው ያልፋሉ፣ የመጨረሻው መጀመሪያ። እያንዳንዱ ሲቃረብ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ። አንዱ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። አራት ወር ያህል የሄዳችሁበት መንገድ እንዲህ እያለ ያልፋል፦ ድንጋዩ፣ አጥሩ፣ ጉቶው፣ ቱቦው። የኔ ፊልም የሚያልቀው ወለቃን አልፈን የጎንደር ቤቶች መታየት ሲጀምሩ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው "ወራጅ አለ!" ሲል ነው።